መሃሉ ያልታየ ሰም

ቄሰ ገበዝ አዳነ እስከ ጧፍ ሠሪዋ እስከ የትነበርሽ ደጃፍ በእግራቸው የመጡት በዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት ነው። ከጋቢያቸው ሥር ግማሹ የነደደ ጧፍ አወጡ።

«ይኸ ያንቺ ነው?»

የትነበርሽ አገላብጣ አየችው። «የኔ ነው፣ አባ። ምነው?»

«ይጨሳል። ትናንት ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ሲያስል ነበር። ሽታውም...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሞራ ሞራ ይላል። በጾም፣ በመቅደስ!»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጎንደር ውስጥ ጧፍ ስትሠራ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለአራት ደብር ታቀርባለች። ድሮ ጠጅ ሲጠለል የሚቀረውን ሰፈፍ ከየጠጅ ቤቱ እየለቀመች፣ ራሷ አፍልታ፣ ራሷ አጥልላ ነበር ሰሙን የምታወጣው። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ቢያዝን የሚባል የአይከል ነጋዴ የተጣራ ሰም፣ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ የረጋ፣ በአይሱዙ ደጇ ያራግፍላታል። ላዩ ቢጫ፣ ንጹሕ። «እፎይ» ብላ የሰፈፍ ማፍያ ድስቱንና ማጥለያውን ለጎረቤት ሰጥታ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ሲሄዱ ታዲያ ዓይኗ ያረፈው በሰሙ ላይ አይደለም፤ በጽጌሬዳ ላይ ነው። ጽጌሬዳ የቆላ ድባ ልጅ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት አብራት ፈትል ስትነክር ኖራለች። ሰሙን ከነክቡ የምታቀልጠው እሷ፣ ብቻዋን የምትውለውም እሷ። ደህናውን ሸጣ በሞራ ብትተካውስ? ሐሳቡ አንዴ ከገባ አልወጣም። ሰሞኑን ያደረገችው አዲስ ጫማ ታወሳት። ከሥጋ ቤቱ ጎረምሳ ጋር ቆማ ስትስቅ ያየቻት ታወሳት።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ቀየረች። ማታ ጽጌሬዳ ስትወጣ ቦርሳዋን በዓይኗ ትመዝናለች። አንድ ቀን «እስቲ እጅሽን» ብላ ይዛ አሸተተችው።

ጽጌሬዳ እጇን ቀስ ብላ ሳበች። «ምን ፈልገሽ ነው፣ እትዬ?»

«ሰሙ ሞራ ይሸታል ተብሎ ነው።»

«እና እኔ ነኝ?»

ጽጌሬዳ ሽርጧን ፈትታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችና ወጣች።

ሰኞ የትነበርሽ ራሷ አቀለጠች፣ ራሷ ነከረች። አንዱን ጧፍ ለኮሰች። ጨሰ። ሌላ ለኮሰች፤ እሱም ጨሰ። መጥረቢያ አምጥታ ያልተነካ ሰም ለሁለት ፈለጠች። ቢጫው የጣት ውፍረት ብቻ ነበር፤ መሃሉ እንደ ጎድን ስብ ነጭ ነው። በጥርሷ ነከስ አድርጋ፣ አማትባ ተፋችው።

በማግስቱ በሚኒባስ አይከል ወረደች። ቢያዝን መጋዘኑ በር ላይ ሰሊጥ ያስጭናል።

«እኔ መች ሠራሁት፣ እናቴ? እንዳንቺው ገዢ ነኝ። አንድ ሰው ነው የሚያመጣልኝ።»

«እሱስ ከየት ያመጣዋል?»

«ጠይቄው አላውቅም።»

«እንግዲያው ከቀረህ አንዱን ፈልጠህ አሳየኝ።»

«እንዴት እፈልጠዋለሁ? ለሌላ ሰው ተሸጧል።»

«ለማን?»

ለማን መሆኑን ትቶ፣ ስለ ሞራው እንደማያውቅ ሚካኤልን ጠርቶ ማለ። ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ይዋሽ፣ እውነቱን ይሁን፣ መለየት አቃታት። ስንት እጅ አልፎ እሷ ዘንድ እንደ ደረሰ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ቅዳሜ ቆላ ድባ ሄደች። ጽጌሬዳ በእናቷ ቤት በረንዳ ሽምብራ ትለቅማለች። ተነሥታ መቀመጫ አቀረበችላት።

«በድዬሻለሁ፣ ልጄ። ሰሙ ሲመጣም ከነሞራው ነው የመጣው። ተመለሽልኝ።»

«እግዜር ይፍታሽ፣ እትዬ። እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ሥራው ግን ይቅርብኝ።» ጽጌሬዳ ከሽምብራው ዓይኗን አላነሣችም። «ያን ሁሉ ዓመት አብሬሽ በልቼ እጄን አሸተትሽ። የማታውቂው ሰው ያመጣውን ሰም ግን አንድ ቀን አላሸተትሽም።»

የትነበርሽ አዲስ ድስት ገዝታ ወደ ጠጅ ቤቶቹ ደጃፍ ተመለሰች። በአንድ ሰው ጉልበት የሚደርሰው ለአንድ ደብር ብቻ ነው፤ ሦስቱን እየዞረች ሌላ ባለ ጧፍ እንዲፈልጉ፣ የሚሠራበትንም ሰም ፈልጠው እንዲያዩ ነገረቻቸው። ቄሰ ገበዝ አዳነ ረዳት እናምጣልሽ ቢሏት፣ «ይቆየኝ፣ አባ» ትላለች። ሁለት ሴቶች መጥተው ሥራ ጠይቀዋት ነበር። ሁለቱንም ከእግር እስከ ራስ አይታ መለሰቻቸው።