ውሻችንን ሰላም ማለት

ውሻችን ክፉ አልነበረም፤ ተኝቶ ሳለ እግር ከነካው ግን ደንግጦ ይነክሳል። ታናሽ ወንድሜን የነከሰው ቀን የጎጃም ሰው የሆነው አባባ «ይገደል!» አለ። ከዲጋ የመጣችው ኦሮምኛ ተናጋሪ አክስቴ ግን፣ «ሰው ቤት ስትገቡ ከደጅ ሰላም ትላላችሁ፤ እሱን ምነው ዝም ብላችሁ ትረግጡታላችሁ?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ራቅ ብለን በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ?» እንለው ጀመር። ጉድ እኮ ነው! ዓይኑን ገልጦ፣ ጭራውን ቆልቶ መንገድ ይለቅልናል።

አባባ ከአማርኛ ሌላ ከአፉ አይወጣም ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ውሻው በሩ ላይ ተጋድሟል። ግራ ቀኙን አየ፤ ባርኔጣውን አነሳና ቀስ ብሎ፣ «አካም ቡልቴ?» አለው።

ውሻው ተነስቶ አሳለፈው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አፌን በእጄ ይዤ ቀረሁ። የመግደሉ ነገር ዳግመኛ አልተነሳም።