የዋንዛው በር እጀታ

እናቴ ባለፈው ክረምት ግማሽ ቀን ቤቷ ውስጥ ተቆልፋ ዋለች። የቆለፈባት ሌባ አይደለም፤ ክቡ የበር እጀታ አልዞር ብሏት ነው። ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ እጀታው ደግሞ ከእሷም ብሶ ደርቋል። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ ከውጭ በሁለት እጁ ታግሎ ከፈተላት።

ወሬው ይጁቤ ያለችው እህቴ ዘንድ ለመድረስ ከሚኒባስ ፈጠነ። ደወለችልኝና፣ "በቃ፣ ቅዳሜ መጥቼ ወደ እኔ እወስዳታለሁ" አለች። እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ "እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው፤ እሱንም ቸኩለሽ እንዳታዘጋጂ!" ብላ ዘጋችባት።

ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። እስከ ቅዳሜ እጀታው ካልተነሣ እናቴ ልትነሣ ነው።

አናጢ ጠርቼ ነገሩን ከነቅዳሜው ነገርኩት። እጀታውን አንዴ ነካ አደረገና ከንፈሩን መጠጠ።

"ይሄ አይወጣም፤ በሩን ይዞ ነው የሚሰበረው። ደግሞ አሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማን የእንጨት በር አለው? ብረት የሚሠራ ወንድም አለኝ፣ እናሠራልሃለን።"

"አሮጌውስ?"

"ከማገዶ ሌላ ምን ይረባል? ሸክሙ እንዳያስቸግርህ እኔው አነሣልሃለሁ።"

እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። የሮብ ገበያን ገበሬ ገብስ መዳፌ ላይ አድርጌ እፍ እያልኩ፣ "ምነው እንዲህ ቀጨጨሳ?" ስል ኖሬያለሁ። አጣጥሎ መውሰድን እኔ ነኝ የማስተምረው። በሩ ወፍራም ዋንዛ ነው፤ አባቴ ሲያሠራው እኔ አልተወለድኩም። ዋንዛ ለማገዶ የሚወስድ አናጢ ካለ እኔም ጤፌን ለዶሮ እበትናለሁ።

"አትድከም፣ እኔው አወጣዋለሁ" አልኩት።

"አንተ? ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። በሩ ግን የትም አይሄድም።"

ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ሊስቅብኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቴም ብቅ ያለችውን ፀሐይ ተከትላ ዱካዋን ስባ ተቀመጠች። ተመልካች ሞላልኝ።

ችግሩ ዝገት ብቻ አልነበረም። በየዒዱ ቤቱ ሲቀባ የተረፈውን ቀለም እናቴ በሩ ላይ ትጨርሰዋለች፤ እጀታውንም አትምረውም። "እሱስ ምን በደለ፣ በበዓል ቀን አሮጌ ይልበስ?" ትላለች። ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ቡኒ። እንኳን ሊዞር፣ ብሎኑ የት እንዳለም አይታይ።

"ይሄን ሁሉ ያለበስሽው አንቺ ነሽ" አልኳት።

"አንተንም ያለበስኩህ እኔ ነኝ። አንተም ለሥራ ስትጠራ አትዞርም።"

ካቻቢቴው እየሾለከ ሁለቴ እጄን ቧጨረኝ። አናጢው ወደ እናቴ ዞሮ፣ "እማማ፣ ቅዳሜ መኪናው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣልዎት?" አላት።

"ከፈለግህ አንተ ሂድበት" አለችው።

እኔ ግን ነደደኝ። ካቻቢቴውን ወርውሬ፣ ጆንያ የምወጋበትን ሹል ብረት ከመጋዘን አመጣሁ። ገበሬ ሸጋ ሸጋውን እህል ከጆንያው አፍ ላይ ያደርጋል፤ ነጋዴ ደግሞ የጆንያውን ሆድ ይወጋል። በእጀታው አንገት ዙሪያ ቀለሙን እየወጋሁ ዞርኩ። ድፍን ነው። እዚህም ድፍን። ከታች በኩል ግን ብረቱ ጥቂት ሰመጠልኝ። ቀለሙን ስፍቀው ከምስር የማትበልጥ ብሎን ብቅ አለች። ላምባ አጠጣኋትና ጠበቅሁ። አናጢው ከድንጋዩ ተነሥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ሳቁን ትቶታል።

"ወደ ግራ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"አውቃለሁ" አልኩት። አላውቅም ነበር።

የወረወርኩትን ካቻቢቴ አንሥቼ ስጠመዝዛት ብሎኗ አንዴ ጮኸችና ተሸነፈች። እጀታው ከነቀለም ቅርፊቱ እጄ ላይ ወደቀ፤ ዋንዛው ላይ ጭረት እንኳ የለም።

በምትኩ ወደ ታች ተጭኖ የሚከፈት ረጅም እጀታ አመጣሁ። መግጠሙን ለአናጢው ተውኩለት፤ ሙያ ሙያ ነው፣ ቂም ደግሞ በር አይገጥምም።

እናቴ ወደ ውስጥ ገባችና በሩን በላያችን ላይ ዘጋችው። ቆየች። ጨነቀኝና እጄን ስዘረጋ ከውስጥ፣ "እንዳትነካ!" አለችኝ። ከዚያ እጀታው ዝቅ አለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ የተጫነችው በክርኗ ነው፣ ገና አላነሣችውም።

"ለእህትህ ደውልላት" አለችኝ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ። "ቅዳሜ ትምጣ፣ ማን ከለከላት። ግን ታንኳኳ። የምከፍትላት እኔ ነኝ።"