ከወንበሯ ሥር ያለው ካርቶን

የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ ስሟን ሳልጠይቃት መቅረቴ ዛሬም ይቆጨኛል። የነጭ ጋዋኗ ክርን በጥቁር ክር ተጥፎ ነበር። እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ትረሳውና ስትፈልገው ትውል ነበር።

ያ ወረርሽኝ በገባ ሰሞን የልጄን የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስታግሰው ኪኒን "ቫይረሱን ያድናል" ተባለና ሰው ይሻማበት ጀመር። ልጄ ደግሞ ያለ እሱ ከአልጋዋ አትነሳም። ሴትዮዋ የቀረችውን አንዲት ካርቶን ከወንበሯ ሥር አድርጋ፣ ከድሮም ለሚወስዱት ሕመምተኞች ብቻ ትሰጥ ነበር።

አንድ ቀን ከፊቴ የተሰለፈ ሰውዬ መስኮቱን ደበደበው።

"መንግሥት ራሱ በሬዲዮ ያድናል ብሏል! አንቺ ማን ነሽና ነው የምትከለክዪኝ?"

"ባለፈው ሳምንት አያድንም ብሎ ነበር። መጀመሪያ ከራሱ ጋር ይስማማ" አለችው። ገሚሱ ሰልፈኛ ሳቀ፣ ገሚሱ ሰደባት።

"የራስሽ ሰው ቢታመም እንዲህ ትያለሽ?"

"ባሌ በዚሁ በሽታ ከተኛ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው" አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። "ለእሱም አልወሰድኩለትም።"

ሰውዬው ከመስኮቱ ገለል አለ። እሷ ወደ እኔ ቀና አለችና "እማማ፣ የልጅዎን አስቀምጬልዎታለሁ፤ ይቅረቡ" ብላ እስክሪብቶዋን ትፈልግ ጀመር።

"ፀጉርሽ ውስጥ ነው፣ ልጄ" አልኳት። ባልወልዳትም እንደ ወላጅ ኮራሁባት።