«ካውንቲውን አሸንፈናል»

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2016 ኖቬምበር ላይ፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ በተካሄደ ማግስት ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም ባይቀረውም ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ምክንያቱም በዚያ ጠዋት አንድ አባትን የጎዳሁት ዋሽቼ ሳይሆን ትክክለኛውን መልስ ሰጥቼ ነው።

አትላንታ ውስጥ የመካከለኛ ደረጃ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ስኮትዴል ባለ አንድ የአፓርታማ ግቢ ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ትልልቅ ሰዎችን በነፃ አስተምራለሁ። ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሳስረዳም ቅደም ተከተል አለኝ። ሁልጊዜ ከትንሹ ተነስቼ ወደ ትልቁ ነው የምሄደው፦ መጀመሪያ ካውንቲ፣ ማለትም እንደ ወረዳ ያለው፣ ቀጥሎ ካውንቲዎቹን የያዘው ስቴት፣ በመጨረሻ አገር።

ከተማሪዎቼ አንዱ ጋሽ ዘለቀ ነበሩ። በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ያጥፋሉ። እንግሊዝኛ አነጋገራቸውን ሳርማቸው «እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከአንሶላ ጋር ነው፣ አንቺ ቲቸር፤ አንሶላ ደግሞ አይመልስም» ብለው ክፍሉን ያስቁታል። እሳቸው ግን ራሳቸው አይስቁም።

ወደዚህ የመጡት ከኬንያ በስደተኝነት ነው። ባለቤታቸው እዚያው በስደት አርፈዋል። አንድ ልጃቸው ሰብለ ዕድሜዋ ከአባቷ ጋር ለመግባት ከሚፈቀደው በማለፉ ፋይሏ ከእሳቸው ተለይቶ ናይሮቢ ቀርታለች። ጉዳይዋ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቶ በዚያ ዓመት ወደ መጨረሻው ደርሶ ነበር።

ጋሽ ዘለቀ በዚያው ዓመት ዜግነት ቢያገኙም ቅዳሜ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡም ሆነ። ከሁለቱ ዕጩዎች አንደኛው የስደተኞችን መግቢያ እንደሚያጠብ ተናግሮ ነበር። ጋሽ ዘለቀ «ሌላው ክርክር አያገባኝም፣ እኔ ድምፅ የምሰጠው ለሰብለ ነው» ይሉ ነበር።

ከምርጫው በፊት ለተማሪዎቼ ካርታ አሳይቻቸዋለሁ። ጆርጂያ በጠቅላላው ወደ አንዱ ፓርቲ ቢያዘነብልም የእኛ ካውንቲ፣ ዲካልብ፣ በየምርጫው ለሌላው እንደሚሰጥ ነገርኳቸው። ጋሽ ዘለቀ ካርታውን ትክ ብለው አይተው «ካውንቲያችን አመለኛ ነው በይኛ» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት የክፍሌን በር ስከፍት ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ነበሩ፤ ወደ ሥራ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ላይ ናቸው። የምርጫው ውጤት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም እንደ ልማዴ ከትንሹ ጀመርኩ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ካውንቲውን አሸንፈናል።»

ወደ ስቴቱ ልሻገር ስል ምርቃታቸው አላስገባኝ አለ። እየሳቁ ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። የክፍል ደወልም ተደወለ። በካውንቲው ውጤት መደሰታቸው መስሎኝ የቀረውን ቅዳሜ አስረዳቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድመው መጥተው አገኘኋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ካንትሪ፣ አገሩን ያልሽኝ መስሎኝ» አሉ።

ያን ጠዋት ከአውቶቡስ ሳይወርዱ ለሰብለ ደውለውላት ነበር። አገሩን አሸንፈናል፣ ከእንግዲህ የሚያግድሽ የለም፣ ዕቃሽን አዘጋጂ ብለዋታል። ስልኩ ላይ አለቀሰች። መግቢያውን አጠብባለሁ ያለው ዕጩ ማሸነፉን ያወቁት ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ቴሌቪዥን ከበው ቆመው ሲያዩ ነው። እንደገና ደውለው ሊነግሯት ሁለት ቀን እንደፈጀባቸው ነገሩኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ጥፋቱ የጆሮዬ ነው» አሉ።

ሰብለ የበረራ ቀን ተቆርጦላት ነበር፣ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ። በጃንዋሪ መጨረሻ የስደተኞች ጉዞ እንዲቆም ታዘዘ። ጉዞው እንደገና ሲፈቀድ የጤና ምርመራዋ ጊዜው አልፏል። እሱን ስታድስ የደኅንነት ማጣሪያዋ ጊዜው አለፈ።

በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ፣ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ፣ ጋሽ ዘለቀ ወንበራቸው ላይ ቀሩ።

«ካውንቲው እኮ እሺ ብሏል» አሉኝ። «ሰብለ የምትመጣው ደግሞ እዚሁ ካውንቲ፣ እኔ ቤት ነው። ታዲያ ማነው እንቢ ያለው?»

እኔ ምን አደረግኩ? ተነስቼ ቦርዱ ላይ ሦስት ክቦች ሣልኩ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ። ትንሹ ካውንቲ፣ መካከለኛው ስቴት፣ ትልቁ አገር። የካውንቲያችን ድምፅ ከስቴቱ ድምፅ ጋር ተደምሮ እንዴት እንደሚዋጥ፣ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን የስቴቱን ወካዮች በሙሉ ስቴቱን ያሸነፈው እንዴት እንደሚወስድ፣ ድንበር የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ጥሩ ትምህርት ነበር።

እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«ገባኝ፣ ልጄ» አሉ። «ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ቦርዱን እያጠፋሁ ለብቻዬ አለቀስኩ።

ባለፈው ዓመት የሰብለ ጉዳይ አዲስ ቅጽ ጠየቀና ጋሽ ዘለቀ እንድሞላላቸው ለመኑኝ። ጥቂት መልሶች ከራሷ ማግኘት ስለነበረብኝ ናይሮቢ ደወልኩላት። ስንጨርስ ያን የተሳሳተ የደስታ ዜና ያስነገርኳት እኔ መሆኔን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት።



«ቲቸር፣ እኔ እኮ አባባ ከመደወሉ በፊት ሰምቼ ነበር» አለችኝ። «እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ ከሰዓት በኋላ ነው። ወሬው ከረፋድ ጀምሮ ሰፈራችንን ሞልቶት ነበር የዋለው።»

ታዲያ ለምን ለአባቷ እንዳልነገረቻቸው ጠየቅኳት።

«ይስቅ ነበራ። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ሳቁን ሰምቼው አላውቅም። ትንሽ ይሳቅ ብዬ ነው። ያለቀስኩትም ለዚያ ነው።»

ያን ዕለት ሰብለ እጅ ላይ ትክክለኛው መልስ ነበር፤ እሷ ግን አላረመቻቸውም። እኔ ብሆን አርማቸው ነበር።

ሰብለ ዛሬም ናይሮቢ ናት። ጋሽ ዘለቀ አሁንም አንዳንድ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ «ልጄ ያን ጊዜ በደስታ አለቀሰች፣ እኔ ነኝ ያታለልኳት» ይላሉ። ሰብለ የነገረችኝ አፌ ላይ ይመጣል። ግን አልነገርኳቸውም፤ ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠግቼ ዝም ብዬ እሰማቸዋለሁ።