የዶኛ ኦታሊያ ፒፓና ያልተመለሰው ሳህን

ጎረቤቴ ዶኛ ኦታሊያ፣ ወይዘሮ ኦታሊያ እንደ ማለት ነው፣ በዐቢይ ጾም ፒፓ አያጨሱም ነበር። ጾሙ ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ግንባራቸውን አመድ የተቀቡ ዕለት ፒፓቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከእመቤታችን ሥዕል ኋላ ይሸጉጡታል። ከዚያ እስከ ፋሲካ የሚጾሙት እሳቸው፣ የምንቀጣው እኛ ነን። ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ቀሚስ ልንለካ ስንሄድ "ወፍረሻል" እያሉ በመርፌ ጫፍ ይነካኩናል። ዛሬ እዚህ ከተማችን ኦኮዋ ውስጥ እንደዚያ የሚቆጣኝ ሰው የለም፤ ጾም በገባ ቁጥር ይናፍቁኛል።

የምር የተጣሉት ግን ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር፣ ከታናሽ እህታቸው ከብሪሂዳ። እናታቸው በተቀበሩ ዕለት ብሪሂዳ የእናቷን የቦሎቄ ድስት ተሸክማ ላይኛው ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ።

አንድ ዓመት፣ ጾም ሊገባ ሲል፣ ዶኛ ኦታሊያ ከኑዛዜ ፊታቸው ጠቁሮ ወጡ።

"ምነው?" አልኳቸው።

"አባ ሴፌሪኖ ጃጅተዋል መሰለኝ። ዘንድሮ ፒፓሽን አጭሺ፣ ከእህትሽ ግን ታረቂ አሉኝ።"

"ታዲያ ቀለለልዎት እኮ።"

"ምኑ ነው የሚቀለው? ፒፓውን እስክሞት ብተወው ይሻለኝ ነበር።"

ማጨሱንስ ታዘዙ። ጾሟን ገደፈች እንዳይባሉ ጓሮ፣ ከዶሮዎቹ ቤት ኋላ ተደብቀው ያጨሱ ነበር። ጓሯችን አንድ ስለሆነ ያየኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። ዕርቁን ግን ከሳምንት ሳምንት ያሳድሩት ጀመር።

በጾም በየቤቱ ጣፋጭ ቦሎቄ ይሠራል፤ የኮኮናት ወተት፣ ስኳር ድንችና ዘቢብ ይገባበታል። ጎረቤት ለጎረቤት በሳህን ይላላካል፤ የሄደ ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ዶኛ ኦታሊያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሁሉም ሲልኩ እህታቸውን ይዘሏት ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ግን ሰማያዊውን ሳህን ሞልተው ሰጡኝ።

"ለብሪሂዳ አድርሺልኝ።"

"ምን ልበላት?"

"ምንም። ስኳሩ ከበዛባት ራሷ ትናገር።"

ብሪሂዳ ሳህኑን ተቀበለችኝና በሩን ዘጋችው። ዓርብ ሳህኑ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ዶኛ ኦታሊያ ቅዳሜ ስንት ጊዜ በር ላይ እንደወጡ እኔ ነኝ የማውቀው።

"ሳህኔንም እንደ ድስቱ ወሰደችው" አሉና ሊስቁ ሞከሩ። እንባቸው ቀደማቸው። ያን ቀን ለማጨስ እንኳ ጓሮ አልወጡም፤ አንጀቴን በሉት።

የፋሲካ ጠዋት ብሪሂዳ ራሷ መጣች። ሰማያዊው ሳህን ተከትፎ በተዘጋጀ ትምባሆ ተሞልቷል።

"ትናንት ባመጣው ጾም አስገድፍሽ ነበር፣ እትዬ" አለች። "በየዓመቱ የፋሲካ ጠዋት፣ ይኼኔ እትዬ ፒፓዋን ለኩሳለች እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።"

ዶኛ ኦታሊያ ወደ እኔ ዞር ብለው አፈጠጡብኝ። ትንፍሽ እንዳልል ነው፤ ገብቶኛል። ከዚያ እጃቸውን ከሥዕሉ ኋላ ሰደው የሚፈልጉ መስለው ቆዩና፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ፒፓውን ከሽርጣቸው ኪስ አወጡት። ከእህታቸው ትምባሆ ሞልተው ለኮሱ። የመጀመሪያውን ጭስ እንደሳቡም አርባ ቀን እንዳላጨሰ ሰው ሳሉ።

ብሪሂዳ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገች "ቀስ በይ እንጂ፣ ስንት ቀን ጾመሽው" አለቻቸው።

ብሪሂዳ እስክትሞት ድረስ የጓሮውን ነገር አልነገርኳትም።