ሱሉልታ ላይ የነቀልናቸው ችካሎች

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን የሚቃወመው ወጣት መንገድ መዝጋት በጀመረበት ሰሞን ሥራዬ ሱሉልታ ላይ አፈር መቆፈር ነበር። ሳተላይት ከላይ ሆኖ መሬቱ ምን ያህል እርጥበት እንደያዘ ይለካል። እኔ ደግሞ ከማሳው አፈር ወስጄ እመዝናለሁ፣ ኦቨን ውስጥ አድርቄ እንደገና እመዝናለሁ፤ የጎደለው ክብደት ውሃው ነው። የመመረቂያ ጥናቴ ሁለቱ ልኬቶች ይስማሙ እንደሆነ ማየት ነበር።

ማሳቸውን የፈቀዱልኝ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። እንደ አካባቢው የአክብሮት አጠራር «ኦቦ» እላቸው ነበር። የምቆፍርበት ቦታ እንዳይጠፋኝ ቀይ ሪባን ያሰርኩባቸውን ችካሎች ማሳቸው ላይ ተከልኩ።

አንድ ቀን ጠዋት አጎንብሼ አፈር ወደ ጣሳ ስጨምር ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል ወጣቶች ከበውኛል፤ አንዳንዶቹ ዱላ ይዘዋል።

«ለማን ነው የምትለኪው?» አለኝ ከፊት የቆመው።

«ለትምህርቴ ነው። መሬቱን ሳይሆን እርጥበቱን ነው የምለካው፤ ሳተላይት ከለካው ጋር አነጻጽረዋለሁ።»

«የማስተር ፕላኑ ቀያሾችም ለጥናት ነው እያሉ ነው የጀመሩት።»

ኦቦ ከቤታቸው እየተጣደፉ መጥተው በመካከላችን ቆሙ። በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ፤ እኔ የገባኝ «ኢንተለ ኮቲ» የሚለው ብቻ ነው፣ ልጄ ናት ማለታቸው ነው። ዱላዎቹ ዝቅ አሉ።

ከፊት የቆመው ልጅም ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ሳተላይቱ የኦቦን ማሳ ለይቶ ያየዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አይለየውም። ማሳውን፣ ረግረጋማውን ጨፌ፣ የአበባ እርሻውን፣ አስፋልቱን አንድ ላይ ነው የሚያየው።»

«አዲስ አበባም እንደዛው ነው የሚያየን» አለ፣ ሳይስቅ። ከዚያ ወደ ችካሎቹ ጠቆመ። «እነዚህ ይነቀሉ።»

ኦቦን አየኋቸው። ዓይናቸውን ሰበር አድርገው፣ «ንቀያቸው ልጄ፤ እኔም እነሱን እያየሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንግዳ አይደለሽ?»

መንቀሉን ስጀምር ልጆቹ አገዙኝ፤ በኋላም የጠየቀኝ ልጅ ቦርሳዬን ተሸክሞ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ።

በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ፣ ለሳምንታትም አልተከፈተም። የሳተላይቱ ቁጥር ሳይቋረጥ ሲቀጥል ሰንጠረዡ ላይ የእኔ ዓምድ ባዶ ቀረ። አማካሪዬን በግምት ልሙላው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «ተይው፣ ለምን ባዶ እንደሆነ ብቻ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩት።

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ኦቦ ከስተዋል። ያ ቦርሳዬን የተሸከመልኝ ልጅ ታስሮ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም ነበር። ስቆፍር ኦቦ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

ጥናቴ አለቀ። ጥሩ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሁለቱ ልኬቶች ይቀራረባሉ፣ ጨፌው ዳር ግን ሳተላይቱ ይስታል። ይህንን ለኦቦ ልነግራቸው በመኸር ስሄድ ያ የታሰረው ልጅ ተፈትቶ ማሳቸው ላይ ስንዴ ሲያጭድ አገኘሁት። ጭንቅላቱን ተላጭቶ አንገቱ ቀጥኗል። ማጭዱን አስቀምጦ ጨበጠኝ። ለኦቦ ውጤቱን ነግሬ እስኪመሽ አብሬያቸው ነዶ ስሰበስብ ዋልኩ።