ልሙጡ ያበጀው ስርጉድ

ጎበጥ ያለ ብረት ካየ እጁ አያርፍም። ክሊኒክ ሄዶ ተራ ሲጠብቅ የነርሷን የብረት ሳህን አንስቶ ጠርዙን በጉልበቱ ሲያቃና ተይዟል። ሰው ቤት በእንግድነት ተጠርቶ፣ የባለቤቶቹን ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛ ሥር ደብቆ በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያለ ሲቀጠቅጥ የተገኘበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የጋራዥ ሰዎች «ልሙጡ» ይሉታል። ሥራው ባትላሜራ ነው። የተገጨ መኪና ሲመጣለት ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ ወደ ነበረበት ይመልሳል። ሃያ ስድስት ዓመት ይህንኑ ሲሠራ ስርጉድ ሲያወጣ እንጂ ሲያስገባ አልታየም።

አፉ ግን እንደ እጁ አይደለም። ደንበኛ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ካለው መሬት መሬት እያየ በጣቱ ያሳያል። ከወረቀት ጋርማ ዐይንና ናጫ ናቸው። ፊደል ቆጥሯል፣ አልቆጠረም አይባልም። ግን ስሙን ለመፈረም እንኳ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ነው፤ ሰው እያየው ከሆነ ደግሞ አንዱን ፊደል ይረሳዋል። ቤት ውስጥ ወረቀት የተባለ ሁሉ ወደ ሚስቱ ነው የሚሄደው። ንግግርም ወደ እሷ ነው የሚሄደው።

ሚስቱ የክሊኒኩን አንሶላ በኮንትራት እያጠበች በትንሽ ነጭ መኪናዋ ታመላልሳለች። ዓርብ ከሰዓት ክሊኒኩ በር ላይ አንሶላ ስታወርድ፣ አንድ የጭነት መኪና ወደኋላ ሲመጣ ሳያያት ቀርቶ መኪናዋን በቀኝ ጎኗ ገጫት። የፊት መብራቷ ረገፈ፣ ራዲያተሯ ተሰንጥቆ ውኃዋ ፈሰሰ፣ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎዋና በሯ ላይ ሕፃን የሚታጠብበት ሳፋ የሚያህል ስርጉድ ገባ። የጭነት መኪናው ሹፌር ጥፋቱን አመነ፣ ትራፊኩ መጥቶ ፕላኑን አነሳ። ሚስትየውም ሙሉ ሽፋን ነበራትና በዚያው ቀን ኢንሹራንስ ቢሮ ሄዳ ቅጹን ሞልታ አስገባች። መኪናዋ ተጎትታ ባሏ ጋራዥ አደረች።

ክሊኒኩ ቀን ቆርጦላታል። እስከ ሐሙስ አንሶላው በራሷ መኪና መመላለስ ካልጀመረ ኮንትራቱ ለሌላ ይሰጣል። ቆርቆሮውን ባሏ ያቃናዋል፣ እሱ ችግር የለውም። መብራትና ራዲያተር ግን በመዶሻ አይሠራም፤ ኢንሹራንሱ ካልገዛው እነሱ አይገዙትም።

ቅዳሜ ጠዋት እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት ስትነሳ ባሏን በሩ ላይ አቆመችው።

«ሰኞ የኢንሹራንሱ ገማች መጥቶ ያያታል። እሱ ሳያያት ማንም አይነካትም። ማንም ስል አንተን ነው።»

«እሺ።»

«እሺ በለኝ።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«አንተማ ብለሃል። እጅህም ይበል።»

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ቅዳሜን ሳይነካት ዋለ። እሑድ ግን ምን ልበላችሁ፣ ሚስቱ እህቷ ጋ እንዳደረች ናት፣ ቤት ውስጥ ሰው የለም፣ ድስቶቹ ሁሉ ድሮ ተቃንተው አልቀዋል። እንዲያው ልያት ብሎ ወደ ጋራዡ ሄደ። አየ። ቀረብ ብሎ የተገጨውን በሯን ከፈተ። በሩ ሲጥጥ አለ። ሲጥጥታዋን ብቻ ላጥፋላት አለ፤ ድምፅ ደግሞ ምኑ ይነካል? ሲጥጥታዋን ለማጥፋት ማጠፊያው አጠገብ ያለውን እጥፋት ትንሽ መግፋት ነበረበት። እጥፋቱ ሲገፋ ከጎኑ ያለው ብቻውን ቀረ፣ አስቀያሚ ሆነ። እሱንም ገፋው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከበሩ ወደ ፓራፋንጎው ሲሻገር፣ የውስጡን መሸፈኛ ሲፈታና መዶሻውን ሲያነሳ ልቡ አላወቀም። የጭነት መኪናው ሰማያዊ ቀለም በነጩ በር ላይ ተለቅልቆ ነበር፣ በቲነር ጠረገው። ጭረቱን በፖሊሽ አሸው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ቆሞ ጎኗን ተመለከተ። እንደ እንቁላል ሆናለች።

ያኔ ነው ጎረቤቱ ጎሚስታ ብቅ ያለው። ይህ ጎማ ለጣፊ እሑድም አይዘጋም፣ «ጎማ እሑድን ያከብራል ያላችሁ ማነው?» ይላል። መኪናዋን ዞራት፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደ መስተዋት እያየው በጣቱ ቅንድቡን አስተካከለ።

«እጅህ ይባረክ። ግን ገማቹ ነገ ምን ሊያይ ነው የሚመጣው? ጺሙን?»

ልሙጡ አንድ የቀለም ጣሳ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ሚስቴ ትገድለኛለች።»

«እሷ ምን ታድርግ፣ ሟችማ ኮንትራቱ ነው። ሰውዬው መጥቶ ምን ይላል? ጎኗ ልሙጥ ነው፣ መብራቷ እንዴት ተሰበረ? በጥቅሻ?»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ያወጣኸውን መልሰህ አስገባው።»

«ምኑን?»

«ስርጉዱን ነዋ። አንተ ነህ ያወጣኸው፤ የት እንደነበረ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?»

ልሙጡ ተነሳና መዶሻውን ያዘ። ከፍ አደረገው። ሲያወርደው ግን ክንዱ መንገድ ላይ ለገመና ብረቱን ነካ አድርጎ ተመለሰ።

«ይሄ ምት ነው መሳም?» አለ ጎሚስታው።

«እጄ እምቢ አለኝ።»

«ወዲህ በለው፣ እኔ ላቅምሰው።»

«አንተ ከመታኸው ይሰነጠቃል።»

«ወንድሜ፣ የጭነት መኪናውም እኮ አስፈቅዶ አልገጨም።»

አልሰጠውም። በሩን በአሸዋ ከረጢት አስደገፈና የእንጨት መዶሻውን አነሳ። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ መታ። ደገመ። ሦስተኛው ላይ ቆርቆሮው ጎደጎደ። ዐይኑን ሲገልጥ ስርጉዱ ገብቷል። ይበቃ ነበር። ግን ጠርዙ ወጣ ገባ ሆነበት። እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ በትንሿ መዶሻ ዙሪያውን እየተከተለ አስተካከለው። ቀጥሎ ሰማያዊውን ቀለም በጠብታ በጠብታ በጠበጠ፣ በጠረገበት ጨርቅ ላይ ከቀረው የጭነት መኪናው ቀለም ጋር አንድ እስኪሆን ድረስ። በቀጭን ብሩሽ ስርጉዱ ውስጥ አሰመረው።

ጎሚስታው እጁን አጣጥፎ ሲያይ ቆየና «እንግዲህ ፈርምበት» አለው።

ሰኞ ጠዋት ልሙጡ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። በጠዋቱ ብርሃን ሰማያዊዋ ትንሽ የደበዘዘች መሰለችው። አንድ እጅ ደረበባት።

ገማቹና የልሙጡ ሚስት አብረው ደረሱ። ገማቹ ጠጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ለምንም ነገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሚስትየው በሩን ስታይ እርምጃዋ ተገታ። የተገጨው የራሷ መኪና ነው፣ ስርጉዷን ታውቀዋለች። ባሏን አየችው። ባሏ መሬት አየ። ጎሚስታው ማዶ ሆኖ የተነፋ ጎማ እንደገና ይነፋል።

ገማቹ የተሰበረውን መብራት አየ፣ ጻፈ። ራዲያተሩን አየ፣ ጻፈ። በሩ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካና መነጽሩን አጠለቀ።

«ቆንጆ ስርጉድ ነው» አለ።

ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን በዐይኑ ዞረው።

«ሠላሳ ዓመት ግጭት ሳይ እንዲህ ያለ ክብ አይቼ አላውቅም። ሙሽራ ጉንጭ ላይ ቢሆን ያምርባት ነበር።» እጁን ሰዶ ዳሰሰው። ጣቱ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ። ጣቱን ወደ ብርሃን አድርጎ አየውና ወደ ሚስትየው ዞረ። «መቼ ነበር የገጨሽ፣ ልጄ?»

«ዓርብ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ያለ ቀለም ነው፣ እስከ ሰኞ የማይደርቅ?»

ከክላሰሩ አንድ ፎቶ አወጣ። ዓርብ ዕለት ትራፊኩ ያነሳው ነው። ሚስትየው ከቅጹ ጋር አያይዛ ያስገባችው ራሷ ናት። ልሙጡ ግን ወረቀት ላይ ስለማይደርስ ፎቶ መኖሩንም አልሰማም። ሰውየው ፎቶውን በሩ ላይ አስጠግቶ ያዘው። ፎቶው ላይ ያለው በሩንና ፓራፋንጎውን የያዘ ሳፋ ነው። በሩ ላይ ያለው የሾርባ ሳህን ነው።

ገማቹ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «ፎቶው ተሳስቶ ይሆን?»

ማዶ ጎሚስታው ቀና አለ። «ፎቶ ይሳሳታል፣ ጋሼ። የእኔን መታወቂያ ያየ ያውቃል።»

መውጫ በር ነበረች፣ ጠባብ ብትሆንም። አዎ ማለት ብቻ ነው። ልሙጡ አፉን ከፈተ። ሚስቱን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ የሰውየውን ሰማያዊ ጣት አየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ሁለቱንም። ያወጣሁትም ያስገባሁትም።» የበሩን ማጠፊያ በጣቱ አሳየ። «ሲጥጥ አለች። ሲጥጥታዋን ብቻ ነበር… ከዚያ እጄ ቀደመኝ። ጋሼ፣ እሷ የምታውቀው የለም። ከልክላኝ ነበር።»

ለእሱ ይህ የአንድ ዓመት ንግግር ነው።

ገማቹ መነጽሩን አወለቀ። «ስርጉድ የሚያሰፋ ሰው በየሳምንቱ አገኛለሁ። ማታ ጭረት የነበረውን ጠዋት ገደል አድርጎ ይጠብቀኛል። አንተ ሳፋውን ሳህን አድርገህ ነው የጠበቅከኝ። ማንን ልታታልል ነው?»

«ከዚያ በላይ መምታት አልቻልኩም።»

ሚስትየው ፊቷን አዞረች። የተቆጣች መስሎት ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቅ መሆኑ ታወቀ።

«አትሳቂ ልጄ» አለ ገማቹ፣ «ነገሩ አያስቅም። እኛ ሳናየው ለተነካ መኪና አንከፍልም፣ ውላችሁ ላይ አለ። አሁን ዝም ብዬ ክላሰሬን ዘግቼ መሄድ እችላለሁ።»

ሳቋ ቆመ። «ጋሼ፣ እስከ ሐሙስ ካልተነሳች ሥራዬ ሄደ። በሩ ይቅር። መብራቷንና ራዲያተሯን ብቻ።»

ገማቹ ጣቱን በመሐረብ ሲጠርግ ቆየ። «ጨምሮ የሚዋሽ ሰው የሚቀጣበት አንቀጽ አለን። ቀንሶ ለሚዋሽ ግን ያሰበለትም የለ። አለቆቼ ሲጠይቁኝ የማሳየው ነገር እፈልጋለሁ። የሆነውን ጽፎ ይፈርምልኝ።»

«እኔ ልጻፍለት፣ ጋሼ፤ እሱ…»

«እጁ ነው ያጠፋው። እጁ ይጻፍ።»

ወረቀት ኮፋኖው ላይ ተዘረጋለት። ሦስቱም እያዩት ነው። ምላሱ በከንፈሩ ጥግ ወጣ። ጎሚስታው ሁለት ጎማ ለጥፎ ጨረሰ፣ ሚስቱ ሁለቴ ተቀምጣ ሁለቴ ተነሳች። በመጨረሻ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበ። ገማቹ ጮክ ብሎ አነበበው፦

«መኪናዋ ተገጨች። ትልቅ ነበር። አቃናሁት። ጥሩ ሆነ። አጎበጥኩት። ጥሩ አልሆነም። መብራት ግን እኔ አልሰበርኩም።»

እንደገና አንብቦ፣ በጥንቃቄ አጥፎ ከፎቶው ጋር አያያዘው። «ሁሉም ሰው እንዲህ ቢጽፍልኝ ድሮ ጡረታ ወጥቼ ነበር» አለ። የመብራቱንና የራዲያተሩን መግዣ ፈቃድ እዚያው ጽፎ ለሚስትየው ሰጣት። ለበሩና ለፓራፋንጎው ምንም አልጻፈም፤ የቱን በር ብዬ ልጻፍ አለ። ክላሰሩን ዘግቶ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ግን ተመለሰ።

«አንድ ነገር ቀርቷል። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ በሩን ከፎቶው ጋር ያመሳክረዋል። እስከዚያ ስርጉዱ እንዳለ ይቆያል። ብትነካው ፈቃዱ ይሰረዛል። ወር ቢፈጅ ነው።»

«ወር?» አለ ልሙጡ። ሁሉም ዞረው አዩት፤ ያን ያህል ድምፅ እንዳለው ያወቀ አልነበረም። «ጋሼ፣ አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆና በመንገድ ልትሄድ? ሰው የእኔ ሚስት መኪና መሆኗን ያውቃል እኮ።»

«ያውቃል» አለ ገማቹ፣ ሄደም።

መብራቱም ራዲያተሩም ረቡዕ ከሰዓት ገቡ። ሐሙስ ጠዋት አንሶላው ተጭኖ ሞተሩ ሲነሳ፣ ልሙጡ ሸክም ሊያግዛት አብሯት ሊሄድ ወጣ። በቀኙ በር በኩል ግን አልመጣም። ጀርባውን ለስርጉዱ ሰጥቶ በኋላ በኩል ዞረና የሚስቱን በር ከፈተ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ተነሺልኝ፣ በዚህ ልግባ።»

«በርህ በዚያ ነው።»

«ካየሁት እነካዋለሁ።»

ትንሽ አየችውና ወረደች። ልሙጡ መሪው ሥር ሾልኮ፣ የማርሹ ዘንግ ላይ ሱሪውን አስይዞ፣ እያቃሰተ ወደ ማዶው ወንበር ተሻገረ። ጎሚስታው መፍቻውን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እህቴ፣ ቀበቶውን አጥብቂለት» አላት። «እጁንም ጨምረሽ።»